ለምን ደከማት? ፊዚክስን ከቃሉ መጀመር



ውድ እህቶችና ወንድሞች፣ የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ሲሰጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። ከዚያ ወዲህም የሚያልፉት ጥቂቶች ናቸው። ስለዚህ ቅዳሜና እሁድ በየካ ታናናሾቻችንን ፊዚክስ ስናስጠና የምናባክነው ሰዓት የለንም። ከቀመሩ በፊት ልናጠራላቸው የሚገባው ደግሞ ቃሉ ነው።

«ሥራ» የሚለውን እንውሰድ። ከእንጦጦ እንጨትና ቅጠል ተሸክመው ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን የሚወርዱ እናቶችን ሁላችንም እናውቃቸዋለን። አንዲት እናት 30 ኪሎ ግራም እንጨት ተሸክማ፣ በደልዳላ አስፋልት ላይ ፍጥነቷን ሳትለውጥ 1 ኪሎ ሜትር ሄደች እንበል። ሸክሙን ደግፎ የያዘው ፎርስ ምን ያህል ሥራ ሠራ? ብዙ ተማሪ 300 ኒውተንን በ1,000 ሜትር አባዝቶ «300,000 ጁል» ይላል። ፈተና ላይም ይህ ቁጥር ከምርጫዎቹ አንዱ ሆኖ ይጠብቀዋል። ትክክለኛው መልስ ግን ዜሮ ነው። ፎርሱ ወደ ላይ፣ ጉዞው ወደ ፊት ነው፤ በመካከላቸው ያለው አንግል 90 ዲግሪ ሲሆን የ90 ዲግሪ ኮሳይን ዜሮ ነው።

ተማሪው «ታዲያ ለምን ደከማት?» ካለን ደስ ይበለን፤ ማሰብ ጀምሯል። ጡንቻዎቿ ሸክሙን ለመያዝ ከምግብ ያገኙትን ኢነርጂ ይጠቀማሉ፤ አብዛኛውም ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ፊዚክስ ልፋቷን አልካደም፤ «ሥራ» ለሚለው ቃል የራሱን ትርጉም ሰጠው እንጂ።

አሁን ያንኑ እንጨት 400 ሜትር ሽቅብ እናውጣው። ለሸክሙ ብቻ 30 × 10 × 400 = 120,000 ጁል ያስፈልጋል። በአቋራጭ ብንወጣም በጠመዝማዛው መንገድ ብንዞርም ስበትን ለማሸነፍ የሚሠራው ሥራ ያው ነው። የሚለየው ፓወሩ ነው፦ በ20 ደቂቃ ከሆነ 100 ዋት፣ በ40 ደቂቃ ከሆነ 50 ዋት። በዕለት ንግግራችን ፎርሱንም፣ ኢነርጂውንም፣ ፓወሩንም «ኃይል» ስለምንል ሦስቱ ይደበላለቃሉ። «ክብደቴ 60 ኪሎ ነው» ስንልም እንዲሁ ነው፤ 60 ኪሎ ግራሙ መጠነ ቁስ (ማስ) ነው፣ ክብደቱ ግን 600 ኒውተን ገደማ ነው።

ለፈተናው ደግሞ እነዚህን እናለማምዳቸው፦

• ከማስላት በፊት ፎርሱና ጉዞው ወዴት እንደሆኑ በቀስት መሣል።
• ደቂቃን ወደ ሰከንድ፣ ግራምን ወደ ኪሎ ግራም መለወጥ። ሥራ ተጠይቆ በዋት የተጻፈ ምርጫ ካለ ወዲያው መሰረዝ።
• የከበደውን ጥያቄ ዘሎ በኋላ መመለስ፤ ሲዘሉ ግን በመልስ ወረቀቱ ላይ ተራ ቁጥሩ እንዳይዛነፍ መጠንቀቅ።
• በልምምድ የተሳሳቱትን እያንዳንዱን ጥያቄ «ቃሉ፣ ቀመሩ ወይስ ስሌቱ ነው የሳተኝ?» ብሎ መመዝገብ። ከሁለትና ሦስት ሳምንት በኋላ ድክመቱ የት እንዳለ መዝገቡ ራሱ ይናገራል።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሰሌዳው ላይ ቀመር ከመጻፋችን በፊት ተማሪው ሐሳቡን ያለ ቀመር፣ በራሱ አማርኛ እንዲያስረዳን እንጠይቀው። ያቃተው ቦታ የኛ ትምህርት የሚጀምርበት ቦታ ነው። ዒልም አማና ነው፤ የደረሰን ለሚከተለን እናድርስ። አላህ ይወፍቀን።