ጁባ ውስጥ ቢራ በቤት ለመጥመቅ የትኛው ማፍያ ይመረጣል?

ጁባ የራሷ የቢራ ፋብሪካ የነበራት ለጥቂት ዓመታት ብቻ ነው። ሳብሚለር የተባለው ዓለም አቀፍ ኩባንያ እ.አ.አ. በ2009 ፋብሪካውን ከፍቶ “ዋይት ቡል” የተሰኘውን ቢራ ማምረት ቢጀምርም፣ በውጭ ምንዛሪ እጥረት በ2016 የቢራ ምርቱን አቁሟል። ከፋብሪካው በፊትም ሆነ በኋላ ያልተቋረጠው የቤት ጠመቃ ነው። ከማሽላ የሚዘጋጀው መሪሳ ለብዙ እናቶች የዕለት እንጀራ ነው። በ1983 የሸሪዓ ሕግ በታወጀባት ሱዳን፣ ከደቡብ ተፈናቅለው ካርቱም የሰፈሩ በርካታ ሴቶች በዚሁ ሙያ ሰበብ ኦምዱርማን እስር ቤት ገብተዋል።

ማፍያ የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ስንት ሊትር እንደሚይዝና ዋጋው ስንት እንደሆነ ነው። ሊቀድም የሚገባው ጥያቄ ግን ዕቃው ከምን ተሠራ የሚለው ነው። የማሽላ ጠላ ኮምጣጣ ነው፤ ኮምጣጣ ፈሳሽ ደግሞ ብረትን ያሟሟል።

ይህ ያስከተለው ጉዳት በደቡባዊ አፍሪካ በሚገባ ተመዝግቧል። በዚያ አካባቢ ጠማቂዎች የሸክላ ጋንን ትተው ወደ ብረት በርሜልና ድስት ከዞሩ በኋላ፣ በጠጪዎች ጉበት ውስጥ ከልክ ያለፈ የብረት ማዕድን መከማቸቱ ታወቀ። ሁኔታው በሕክምና ጽሑፍ የተገለጸው በ1929 ሲሆን፣ መነሻውም ጆሃንስበርግ ውስጥ የተደረገ የአስከሬን ምርመራ ነበር። በበርሜል በተጠመቀ ቢራ አንድ ሊትር ውስጥ ከ40 እስከ 80 ሚሊግራም ብረት ተገኝቷል፤ አንድ ጎልማሳ ወንድ በቀን የሚያስፈልገው 8 ሚሊግራም ገደማ ብቻ ነው። በዘር የሚወረስ ባሕርይም ድርሻ ሊኖረው እንደሚችል ተመራማሪዎች ይናገራሉ። ክምችቱ እየበዛ ሲሄድ ጉበትን ያጠነክራል፣ ለስኳር በሽታም ይዳርጋል።

ያገለገለ በርሜል ሌላም ጣጣ አለው። ቀድሞ ዘይት ወይም ኬሚካል ይዞ ከነበረ፣ የውስጥ ቀለሙና ቅሪቱ በእሳት ሲጋል ወደ መጠጡ ይገባል። ዚንክ የተቀባው ባልዲ ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው፤ ኮምጣጣ ፈሳሽ ዚንኩን ስለሚያሟሟው ጠጪውን ወዲያው ያስመልሰዋል። ከቁርጥራጭ ብረታ ብረት ቀልጦ የሚሠራው ርካሽ የአሉሚኒየም ድስትም አያስተማምንም፦ ካሜሩን ውስጥ በተሠሩ እንዲህ ያሉ ድስቶች ላይ ተካሂዶ በ2014 የታተመ ጥናት፣ እርሳስ ወደ ምግብ እንደሚለቁ አሳይቷል።

ጋኗን በግራዋ አጥባ በወይራ የምታጥን ኢትዮጵያዊት ጠላ ጠማቂ ይህ ችግር አይገጥማትም። ሸክላ ግን 25 ሊትር በኃይለኛ እሳት ለማፍላት አይመችም፤ ይሰነጠቃል። ስለዚህ አቅም ለፈቀደለት ሰው የሚመረጠው የማይዝግ ብረት፣ በተለምዶ “ስቴንለስ” የሚባለው ነው። ታችኛው ክፍሉ ወፍራም መሆን አለበት። የማሽላ ስታርች የሚበስለው ከገብስ ይልቅ ከፍ ባለ ሙቀት በመሆኑ፣ ብቅሉ ከመጨመሩ በፊት ዱቄቱ እንደ ገንፎ መንተክተክ ይኖርበታል። በስስ ድስት ገንፎው ያርራል፤ የእርር ሽታው ደግሞ እስከ መጨረሻው ብርጭቆ ይከተላል። 20 ሊትር ለማፍላት የፈለገ 30 ሊትር የሚይዝ ይግዛ፤ አረፋው ሲገነፍል ቆዳ ይልጣልና።

ውስጡ ማሞቂያ ያለው የኤሌክትሪክ ቦይለር ለአውሮፓ ጠማቂ የተመቸ ይሁን እንጂ ለጁባ አይመከርም። በ2019 ሥራ የጀመረው 33 ሜጋ ዋት የኃይል ማመንጫ ለከተማዋ እፎይታ ቢሰጥም፣ ብዙ ቤቶች ዛሬም በጄነሬተርና በፀሐይ ኃይል ይኖራሉ። 25 ሊትር ውሃ ለማፍላት ብቻ ከ2 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ይፈልጋል፤ ይህ ለትንሽ ጄነሬተር ከባድ ሸክም ነው። በዚያ ላይ ወፍራሙ ገንፎ በማሞቂያው ላይ ተጣብቆ ያርራል።

የቀረው ከሰል ነው። በተራ ምድጃ ከከሰሉ ሙቀት ሦስት አራተኛው ገደማ ወደ አየር ይባክናል። ስለዚህ ያንኑ 25 ሊትር ለማፍላት አንድ ኪሎ ያህል፣ ለአንድ ሰዓት ለማንተክተክ ደግሞ ሌላ አንድ ኪሎ ያህል ይነዳል። ድስቱን እስከ ወገቡ የሚያቅፍ የሸክላ ወይም የጭቃ ምድጃ ይህን ወጪ በግልጽ ይቀንሰዋል፤ ገንዘብ ለቸገረው ከውድ ድስት በፊት ምድጃውን ማሻሻል ያዋጣል። (ጁባ ከአዲስ አበባ እጅግ ዝቅ ያለች ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ98 ዲግሪ ገደማ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ግን 92 አካባቢ ሲደርስ ይፈላል።)

ስቴንለስ መግዛት ያልቻለ ሰውም ጉዳቱን መቀነስ ይችላል። ገና ያልኮመጠጠ ፈሳሽ ለአጭር ጊዜ በድስት ሲፈላ የሚያሟሟው ብረት ጥቂት ነው፤ ዋናው ጉዳት የሚመጣው ድፍድፉ እዚያው ውስጥ ለቀናት ሲብላላ ነው። እሳቱ እንደጠፋና ፈሳሹ እንደቀዘቀዘ ወደ ሸክላ ጋን ወይም ለምግብ ወደተሠራ የፕላስቲክ ዕቃ መገልበጥ ያስፈልጋል።