አምስቱ የፈረስ ጉልበት ከየት መጣ?

የስፖርት መኪና ባለቤቶች ሞተራቸውን ለማሻሻል ሲነሱ አብዛኛውን ጊዜ ቀድመው የሚገዙት አዲስ የአየር ማስገቢያ ነው። ዋጋው ከሌላው ማሻሻያ ይቀላል፣ ለመግጠም ሰዓታት ይበቁታል፣ ድምፁም ወዲያው ይሰማል። ቀጥሎ መኪናው ዳይኖ (የጉልበት መለኪያ) ላይ ይወጣና ሁለት መስመር ያለበት ወረቀት ይታተማል። አዲሱ መስመር ከአሮጌው በአምስት የፈረስ ጉልበት በልጦ ከታየ ነገሩ እንደተረጋገጠ ይቆጠራል። በእኔ እምነት ግን ጭማሪው ከየት እንደመጣ እስካልታወቀ ድረስ መጨመሩ ራሱ አልተረጋገጠም። ቁጥሩን ከፍ የሚያደርጉት ነገሮች ብዙ አይደሉም፤ ብዙ አየር ገብቷል፣ ወይም የገባው አየር ቀዝቅዟል፣ ወይም የነዳጁና የእሳቱ አሰጣጥ ተለውጧል፣ ወይም መለኪያው ራሱ ዋዥቋል። ወረቀቱ አራቱንም በአንድ ቁጥር ጠቅልሎ ስለሚያቀርባቸው መፍታት የኛ የባለሙያዎቹ ግዴታ ነው።

ከዳይኖው በፊት መለካት ያለበት ነገር አለ። በ2012 ገበያ ላይ የዋለውን ቶዮታ 86 እንውሰድ። 2.0 ሊትር ሞተሩ ያለ ተርቦ በ7,000 ዙር 200 የፈረስ ጉልበት ይሰጣል። ተርቦ የሌለው ሞተር የሚተነፍሰው በከባቢው አየር ግፊት ብቻ ነው፤ ይህም በባህር ዳርቻ ከተማ 100 ኪሎፓስካል ገደማ ነው። ስለዚህ ፊልትሮውና ቱቦው ምን ያህል እንደሚያስከፍሉት በቀላሉ ይሰላል። ከፊልትሮው በኋላ፣ ከአየር በሩ በፊት ቀጭን ቱቦ ሰክቶ፣ ቱቦውን እንደ ዩ ፊደል ታጥፎ ግማሹ ድረስ ውሃ ከተሞላ ግልጽ ላስቲክ ጋር ማገናኘት ይበቃል። ነዳጅ መስጫው እስከ ወለሉ ተረግጦ ሞተሩ ከፍተኛ ዙሩ ላይ ሲደርስ በሁለቱ ክንዶች መካከል የ10 ሴንቲሜትር ልዩነት ከታየ የጠፋው ግፊት 1 ኪሎፓስካል ነው፤ 20 ሴንቲሜትር ከታየ 2 ኪሎፓስካል። ከ100 ላይ 2 ማለት 2 በመቶ ነው። እንቅፋቱ ሙሉ በሙሉ ቢወገድ እንኳ፣ ፊልትሮ እስካለ ድረስ ደግሞ ሙሉ በሙሉ አይወገድም፣ የሚገኘው 4 የፈረስ ጉልበት አካባቢ ነው። የቱቦው ርዝመትና ስፋት የአየሩን ሞገድ ስለሚለውጥ በአንዳንድ ዙሮች ላይ ከዚህ የበለጠ ሊታይ፣ በሌሎቹ ላይ ደግሞ ሊቀንስ ይችላል። በሁሉም ዙር ላይ አሥራ አምስት የሚጨምር ማስገቢያ ግን ከዚህ ስሌት ጋር መታረቅ አለበት።

አሁን ይህን 4 የፈረስ ጉልበት ከመለኪያው ጋር እናስተያየው። በብዙ ቦታ የሚሠራበት ባለ ከበሮ ዳይኖ የሚያነበው፣ የኋላ ጎማዎቹ ክብደቱ የታወቀ ከበሮ በምን ያህል ፍጥነት እያፋጠኑ እንዳሽከረከሩ ነው። በመካከሉ ጎማ አለ፣ መኪናውን ወደ ከበሮው የሚጫን ማሰሪያ ቀበቶ አለ፣ ዲፈረንሻልና ካምቢዮ አሉ። የጎማው ነፋስ ቢለያይ፣ ቀበቶው ጠበቅ ቢል፣ ዘይቱ ቢሞቅ ውጤቱ ይንቀሳቀሳል። አንድ መኪና ምንም ሳይነካ ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ሲለካ የአንድና የሁለት በመቶ ልዩነት ማሳየቱ የተለመደ ነው፤ በ200 የፈረስ ጉልበት ላይ ይህ ከ2 እስከ 4 ይሆናል። የምንፈልገው ጭማሪና የመለኪያው መዋዠቅ እኩል ናቸው ማለት ነው፤ ወርቅን በኩንታል ሚዛን እንደመመዘን ይሆናል። ከዚህም የከፋው መዋዠቁ አቅጣጫ ያለው መሆኑ ነው። የካምቢዮና የዲፈረንሻል ዘይት እየሞቀ ሲሄድ የሚባክነው ጉልበት ይቀንሳል፤ ስለዚህ በኋላ የተለካው ዕቃ፣ ምንም ይሁን ምን፣ ሊበልጥ ይችላል። አዲሱ ማስገቢያ ደግሞ ሁልጊዜ በኋላ ነው የሚለካው። መፍትሔው የታወቀ ቢሆንም ጥቂት ጋራዦች ብቻ ናቸው የሚያደርጉት፦ የፋብሪካውን ማስገቢያ ደጋግሞ መለካት፣ አዲሱን ደጋግሞ መለካት፣ ከዚያ አዲሱን ፈትቶ የፋብሪካውን መልሶ በመግጠም እንደገና መለካት። ቁጥሩ ወደ መጀመሪያው ካልተመለሰ ጭማሪውን ያመጣው የተገጠመው ዕቃ ብቻ ነው ማለት አይቻልም።

ቁጥሩ ቢመለስም ጥያቄው አያልቅም፤ ለሞተሩ ጤና ዋናው ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። እንደ 86 ባሉ መኪኖች የገባውን አየር የሚለካው በቱቦው ላይ የተተከለ ትኩስ ሽቦ ያለው ሴንሰር ነው። ሴንሰሩ የሚነካው በአጠገቡ የሚያልፈውን አየር ብቻ ነው፤ ጠቅላላውን መጠን ኮምፒውተሩ የሚያሰላው የቱቦውን ስፋት ፋብሪካው እንደሠራው በመገመት ነው። አዲሱ ቱቦ በሴንሰሩ ቦታ ላይ ከሰፋ ያው አየር ቀስ ብሎ ያልፋል፣ ሴንሰሩም አሳንሶ ያነባል። በሙሉ ጋዝ ላይ ደግሞ ኮምፒውተሩ ድብልቁን በሰንጠረዡ መሠረት ስለሚወስን ስህተቱን ወዲያው አያርምም፤ የሚረጨው ነዳጅ ያንሳል። ጭነቱም አነስተኛ ስለሚመስለው እሳቱን ትንሽ አስቀድሞ ይሰጣል። ፋብሪካዎች ሞተሩን ለማቀዝቀዝና ከማንኳኳት ለመጠበቅ በሙሉ ጋዝ ላይ ነዳጅ ያበዙ ስለነበር፣ ነዳጁ ትንሽ ሲቀንስና እሳቱ ሲቀድም ጉልበት ይጨምራል። ወረቀቱ ላይ አምስት የፈረስ ጉልበት ይታያል፤ አንድ ግራም አየር ግን አልተጨመረም። የተወሰደው ፋብሪካው ለመጥፎ ቤንዚንና ለሞቃት ቀን ያስቀመጠው መጠባበቂያ ነው። የ86 ሞተር የመጭመቂያ መጠኑ 12.5 ለ1 ነው፤ እንዲህ ባለ ሞተር ላይ መጠባበቂያን ሳያውቁ መብላት አደገኛ ነው። ስለዚህ የነዳጅና የአየር ድብልቅ መስመር ከጉልበቱ መስመር በታች ያልታተመበት ወረቀት፣ ለእኔ፣ ያልተሟላ ወረቀት ነው።

የሙቀቱ ነገር ደግሞ በዳይኖው አሠራር የሚሸፈን ነው። ክፍት ሆኖ ሞተሩ አጠገብ የሚቀመጥ ፊልትሮ የሚስበው የራዲያተሩንና የማኒፎልዱን ሙቀት የጠጣ አየር ነው። የአየሩ ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲጨምር እፍጋቱ በ3 በመቶ ገደማ ይቀንሳል፣ ኮምፒውተሩም ማንኳኳትን ፈርቶ እሳቱን ያዘገያል። ዳይኖ ላይ ግን ኮፈኑ ተከፍቶ ትልቅ ማራገቢያ ከፊት ይደቀናል፤ መኪናው መንገድ ላይ በማያገኘው ሁኔታ ተለክቶ ይመሰገናል። ኮፈኑ ተዘግቶ፣ የሚገባው አየር ሙቀት ከእያንዳንዱ ልኬት ጋር ተመዝግቦ መቅረብ አለበት።

የማስተካከያ ቀመርም አለ። ኤስኤኢ ጄ1349 የሚባለው መለኪያ ውጤቱን ወደ 25 ዲግሪና 99 ኪሎፓስካል ደረቅ አየር ይመልሰዋል፤ አሮጌው ጄ607 ደግሞ ወደ 15.6 ዲግሪና 101.3 ኪሎፓስካል። በሁለቱ መካከል 4 በመቶ ገደማ ልዩነት ስላለ፣ ፊት በአንዱ ኋላ በሌላው የታተመ ወረቀት ከ200 ላይ 8 የፈረስ ጉልበት ከባዶ ይፈጥራል። ይህ አዲስ አበባ ላይ ይብሳል። ከተማዋ ከባህር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ወደ 77 ኪሎፓስካል ይወርዳል፤ በጄ1349 ቀመር ማባዣው ከ1.3 ያልፋል። 150 ተለክቶ ወደ 200 ይታተማል፣ የመዋዠቁም ስህተት አብሮ ይባዛል። የተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 85 ማባዣው ከ0.93 እስከ 1.07 ባለው ክልል ውስጥ እንዲሆን የሚጠይቀው በከንቱ አይደለም። ከፍታ ላይ የሚሠራ ባለሙያ ያልተስተካከለውን ቁጥር ከተስተካከለው ጎን ማሳየት ይኖርበታል፤ ባለ ተርቦ ከሆነ ደግሞ ተርቦው የግፊቱን ጉድለት ራሱ ስለሚሞላ ቀመሩ ጨርሶ ያታልላል።

ዳይኖ ነፋስ የለውም፣ መንገድ ላይ አየሩ በፍጥነቱ ኃይል ይገባል የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ ግን ምን ያህል? በሰዓት 100 ኪሎሜትር ላይ ነፋሱ የሚፈጥረው ግፊት ግማሽ ኪሎፓስካል እንኳ አይሞላም፤ በ200 ላይ 1.9 አይደርስም። የፋብሪካው ማስገቢያም አብዛኛውን ጊዜ ከፊት ነው የሚስበው። ሌሎች ደግሞ ለውጡ እኮ ይሰማኛል ይላሉ። የሚሰማው በአብዛኛው ድምፅ ነው፤ ፋብሪካው ከፊልትሮው ሳጥን ጋር የሚያያይዘው ባዶ ክፍል ድምፅ ለመዋጥ የተሠራ በመሆኑ ሲወጣ መኪናው ይጮኻል። ለድምፅ ብሎ መግዛት ነውር የለውም፣ በድምፅነቱ ከተሸጠ። 86ን የሚነዳ ሰው በርግጥ የሚጎድለው ከ3,500 እስከ 4,500 ዙር ባለው መካከል ቶርኩ የሚወድቅበት ጉድጓድ ነው፤ የከፍተኛው ጉልበት ቁጥር ስለዚያ ምንም አይናገርም። ፋብሪካው ራሱ በሁለተኛው ትውልድ ሞተሩን ወደ 2.4 ሊትር ሲያሳድግ ከፍተኛው ቶርክ በ6,400 ዙር ከነበረው 205 ኒውተን ሜትር በ3,700 ዙር ወደ 250 ተሻገረ። ከፊልትሮ የሚጠበቅ ሥራ አልነበረም።

ይህ ሁሉ ልኬት ደንበኛውን ያስከፍላል የሚለው ተቃውሞ ከሁሉም የከበደው ነው። የውሃው ላስቲክ ግን ከዳይኖው ሰዓት እጅግ ይረክሳል፣ ብዙ ጊዜም ዳይኖውን ራሱን ያስቀራል፤ 5 ሴንቲሜትር ብቻ ካሳየ ደንበኛው ገንዘቡን ለጎማና ለፍሬን ያውለው። ማስገቢያ የሚገባቸው መኪኖችም አሉ። አየሩን ፍሰቱ በሚገፋው ክዳን በሚለኩት በቆዩት ፖርሽ 944ና ቢኤምደብሊው ኢ30 ላይ ክዳኑ ራሱ እንቅፋት ነው፤ እዚያ ሴንሰሩን ከነኮምፒውተሩ መቀየር ትርጉም አለው። ተርቦው ከፍ የተደረገለት ሞተርም እንዲሁ፤ እንቅፋቱ ከአየሩ ፍሰት ጋር በካሬ ስለሚያድግ፣ ፍሰቱ አንድ ተኩል እጥፍ ሲሆን የሚጠፋው ግፊት ከሁለት እጥፍ በላይ ይሆናል። በፋብሪካው ጉልበት 2 ኪሎፓስካል የሚያጠፋው ሳጥን 4.5 ያጠፋል፤ ተርቦውም ያንን ለማካካስ በፍጥነት ይሽከረከራል፣ አየሩንም ያሞቃል። እዚያ ላይ ሰፊ ማስገቢያ ገጥሞ፣ ሴንሰሩን ለአዲሱ ቱቦ አስተካክሎ፣ የፋብሪካውን መልሶ ለክቶ የተገኘ ጭማሪ ካለ ያለ ማመንታት እፈርምበታለሁ።