ፊት እንደ ብረት ድስት አይፈተግም

የዓሸንዳ በዓል ባለፈ ማግስት የመልእክት ሳጥኔ በአንድ ዓይነት ጥያቄ ይሞላል። ከነሐሴ 16 ጀምሮ ኩሉ፣ ፋውንዴሽኑ፣ ላቡና ፀሐዩ ፊት ላይ ሲፈራረቁ ይሰነብታሉ። ከዚያ ብጉር ብቅ ብቅ ይላል፣ ግንባር ይሻክራል፣ «እባክሽ ጥርግ አድርጎ የሚያጸዳ ስክራብ ንገሪኝ» ይመጣል። ለየብቻ ከምመልስላችሁ እዚህ አንድ ጊዜ ልጻፈው። መልሴ ብዙዎቻችሁን አያስደስትም፤ መቀሌ ውስጥ የማየው የተጎዳ ፊት አብዛኛው ከልክ በላይ የታጠበ ፊት ነው።

ከውሃችን እንጀምር። ዩቲዩብ ላይ ፊት አስተጣጠብ የሚያሳዩን ሰዎች የእኛን ውሃ ነክተውት አያውቁም። ከተማችን ያለችው የኖራ ድንጋይ በሞላበት ምድር ላይ ነው፤ ጂኦሎጂስቶች ስሙን ከጎረቤታችን ከሕንጣሎ ወስደው የእንጣሎ ኖራ ድንጋይ ይሉታል። ከዓይናለም ጉድጓዶች ተስቦ ቤታችን የሚደርሰው ውሃ በዚህ ድንጋይ ውስጥ ሲያልፍ ካልሲየምና ማግኒዥየም ይዞ ይወጣል። የሻይ በራዳችሁን ውስጡን እዩት፤ ታች ተጋግሮ በጥፍር እንኳ አልነሳ የሚለው ነጭ ቅርፊት እሱ ነው። የሻወሩን ቀዳዳዎች አንድ በአንድ የሚደፍነውም እሱ ነው።

ተራ ሳሙና እዚህ ውሃ ውስጥ ሲገባ ከካልሲየሙ ጋር ተያይዞ የማይሟሟ ዝቃጭ ይሆናል። ሳፋው ጠርዝ ላይ ዙሪያውን ይዞ የሚቀረው ግራጫ ነገር ማለት ነው። አረፋ እምቢ ሲለን ሳሙና እንጨምራለን፣ የጨመርነውም ግማሹ ዝቃጭ ይሆናል፣ ከዚያም ፊት ላይ ይቀራል። እንግሊዝ አገር የሸፊልድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት ጥናት፣ በእንዲህ ያለ ውሃ የታጠበ ቆዳ ላይ ከለስላሳ ውሃ ይልቅ ብዙ የማጠቢያ ቅሪት እንደሚቀርና ቅሪቱ ቆዳን እንደሚያስቆጣ አሳይተዋል። «ታጥቤ ስጨርስ ፊቴ ይወጠራል፣ ሲደርቅ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል» የምትሉኝ ሁሉ፣ ያ ዱቄት ሙት ቆዳ ነው ብላችሁ ነው ስክራብ የምትፈልጉት። አንዱ ክፍል የሳሙና ቅሪት ነው፣ ሌላው ደግሞ ሳሙናው ያደረቀው ቆዳ። ፈትጋችሁ ብታነሱት ማታ ስትታጠቡ ተመልሶ ይመጣል።

ሌላም ነገር አለ። ጤናማ ቆዳ በትንሹ አሲዳማ ነው፤ ፒኤቹ 5 አካባቢ ነው። የገላ ሳሙና 9 እና 10 ይደርሳል። ወጣት ቅባታም ቆዳ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ራሱን ያስተካክላል፤ ደረቅ ቆዳ ግን ሳይመለስለት ለሁለተኛ ጊዜ ይታጠባል። በልብስ ሳሙና ፊታቸውን የሚታጠቡ ወንድሞቻችንን ደግሞ ምን ልበላቸው?

«እኔ ኬሚካል አልጠቀምም፣ ተፈጥሯዊ ነገር ብቻ» የምትሉ ደግሞ አላችሁ። እናቴ፣ አደይ፣ በልጅነቷ ነጠላ ይታጠብ የነበረው በሽብቲ ነው ትላለች፤ አማርኛ ተናጋሪው እንዶድ የሚለው ማለት ነው። ፍሬው ተወቅጦ ውሃ ሲነካው አረፋ ያወጣል፣ ልብሱንም ወተት ያስመስለዋል። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ዓድዋ ላይ ያዩትን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፦ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ወንዙ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተገኙ። ቀንድ አውጣዎቹ የቢልሃርዚያ ተሸካሚዎች ስለነበሩ ነገሩ ትልቅ የሕክምና ግኝት ሆነ። አረፋውን የሚያወጣውም ቀንድ አውጣውን የሚገድለውም ሳፖኒን የሚባለው ንጥረ ነገር ነው። ከቅጠል ወይም ከፍሬ መምጣቱ ለስላሳ አያደርገውም።

ሎሚም እንዲሁ ነው። ፒኤቹ 2 አካባቢ ነው፤ ከዚያ በላይ ደግሞ ውስጡ ከፀሐይ ጋር ሲገናኝ ቆዳ የሚያቃጥል ንጥረ ነገር አለ። ሎሚ ተቀብታ እዳጋ ሰኑይ ገበያ ደርሳ የተመለሰች ልጅ ማድያት ሊጠፋላት ቀርቶ፣ ሎሚው የፈሰሰበትን መስመር ተከትሎ የጠቆረ ምልክት ሊወጣባት ይችላል። ጨው፣ ስኳርና የቡና አተላ ጠርዛቸው ሹል ነው፤ ተረከዝ ይችላቸዋል፣ ጉንጭ ግን አይችላቸውም። እሬትና ማር ላይ ጠብ የለኝም።

አሁን ወደ ሙት ቆዳው። ላይኛው የቆዳ ሽፋን ከታች እየታደሰ በአንድ ወር ገደማ ራሱን ይቀይራል፤ አሮጌው ሳናየው ይረግፋል። ስክራብም ሆነ አሲድ የሚያደርገው ይህንን ማፋጠን ነው፤ ባናፋጥነውም ይረግፋል። እናቶቻችን በጢሽ፣ በጭስ ሲታጠኑ ማለት ነው፣ የሚያደርጉት ከዚሁ የተለየ አይደለም፤ ጭሱና ሙቀቱ ላዩን ያጠቁረዋል፣ ከጊዜ በኋላ ይላጥና ከሥሩ ልስልሱ ይወጣል። እኔ ካየኋቸው ግን አብዛኞቹ አንገታቸው ላይ ጋቢ ጠበቅ አድርገው ፊታቸውን ከጭሱ ያርቃሉ። አስተዋይነት ነው።

የእኛ ቆዳ በተለይ የማይወደው ነገር አለ፤ መቆጣት። ጥቁርና የቀይ ዳማ ቆዳ ሲፋቅ፣ ሲቃጠል ወይም ብጉር ሲፈርጥበት ቀለም አምራች ሴሎቹ ይነቃሉ። ቁስሉ በሳምንት ይድናል፣ ጥቁር ምልክቱ ግን ለወራት ይቆያል። ምልክቱን ለማጥፋት ተብሎ ሲፈተግ ቆዳው እንደገና ይቆጣል፣ እንደገና ይጠቁራል። «ስክራብ ከጀመርኩ ወዲህ ፊቴ ዥንጉርጉር ሆነ» የምትል መልእክት ሁሉ የዚህ ታሪክ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ጠዋት ለብ ያለ ወይም ቀዝቃዛ ውሃ ብቻ፤ ሌሊቱን አቧራ ላይ አላደራችሁም። ማታ አንድ ጊዜ በክሊንዘር። ክሊንዘሩ ተራ ሳሙና ባይሆን ይመረጣል፤ ሴታፊልና ሴራቪ ዓይነቶቹ፣ ወይም አቅም ካልፈቀደ እንደ ዶቭ ያለው ደረቁ፣ እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ ገበያ ላይ ያለው፣ ዋና ማጠቢያቸው ሳሙና ስላልሆነ ከካልሲየሙ ጋር ያን ያህል አይጣሉም። (ማንም አልከፈለኝም፤ የሚከፍል ካለ እናወራለን።) አረፋው ትንሽ ነው፣ ይህም ያልጸዳችሁ ያስመስላል። ጸድታችኋል። ኩል ወይም ፋውንዴሽን ካለ ቀድማችሁ በጥጥ ቫዝሊን አስነክታችሁ አሟሙት፣ ጥረጉት፣ ከዚያ ታጠቡ። እጃችሁን መጀመሪያ ታጠቡ። በጣት ጫፍ፣ ያለ ጨርቅ፣ ያለ ብሩሽ፣ ግማሽ ደቂቃ ገደማ፤ የፀጉር መስመርና አገጭ ሥር አይረሳ። በፎጣ ጠቅ ጠቅ እያደረጋችሁ አድርቁ እንጂ አትሹት፤ ፊቱ እርጥበት እያለው ቅባት አድርጉ። መስከረም መጨረሻ ላይ ዝናቡ ሲቆም የመቀሌ አየር ምን ያህል እንደሚደርቅ ከንፈራችሁ ያውቀዋል።

በዚህ ብቻ አንድ ወር ቆዩ። ከዚያ በኋላም ጥቁር ነጠብጣብና የተደፈነ ቀዳዳ ካስቸገራችሁ ሳሊሲሊክ አሲድ አለ፤ እስከ 2 በመቶ ያለው በቂ ነው፣ ቅባት ውስጥ ስለሚሟሟ ቀዳዳው ድረስ ይገባል። ለደረቅ ቆዳ ላክቲክ አሲድ ይሻላል። ማታ፣ በሳምንት አንድ ቀን። ሬቲን-ኤ የምትቀቡ አትደርቡት፤ ነፍሰ ጡሮች ሐኪም ሳትጠይቁ አትጀምሩ። ከለበለባችሁ አልሠራም፣ አቃጠለ ነው። እንደ ላክቲክና ግላይኮሊክ ያሉት አሲዶች ካቆማችኋቸው በኋላም ሳምንት ለሚሆን ጊዜ ቆዳን ለፀሐይ ያጋልጡታል። መቀሌ ደግሞ ከባህር ጠለል ከ2000 ሜትር በላይ ናት፤ በየ1000 ሜትሩ የፀሐዩ አልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ነፋሱ ቀዝቃዛ ስለሆነ መቃጠላችን አይታወቀንም። ኤስፒኤፍ 30 ሰንስክሪን ውድ ነው፣ አውቃለሁ። ጃንጥላና ሰፊ ባርኔጣ ግን ውድ አይደለም። ሁለቱንም የማይችል አሲዱን ባይነካ ይሻለዋል።

ማጠቢያም ስክራብም የማይነካቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ስሙ ባልተጻፈበት ብልቃጥ የሚሸጠው «ሚክስ» የማንጫ ክሬም ነው። እንዲህ ያሉት ውስጥ እንደ ክሎቤታሶልና ቤታሜታዞን ያለ ስቴሮይድ፣ አንዳንዴም ሜርኩሪ ይገኛል። ስትቀቡት ፊት ያበራል፣ ስታቆሙት ይቀላል፣ ይለበልባል፣ በብጉር ይሞላል። እዚያ የደረሰች የቆዳ ሐኪም ያስፈልጋታል። ሁለተኛው ጉንጭ ወይም አፍንጫ ላይ ወጥቶ ለሳምንታት አልድን ያለ እብጠት ወይም ቁስል ነው፤ ቁንጭር ሊሆን ይችላል። በትግራይ ደጋ ቦታዎች አለ፣ በአሸዋ ዝንብ ይተላለፋል፣ ሕክምናም አለው። በሎሚ ሲታሽ የቆየ ቁንጭር ጠባሳው ይከፋል።

የቀረው የውሃ ጉዳይ ነው። ማፍላት ካልሲየሙን በከፊል ብቻ ያስወግዳል፤ በጂፕሰም መልክ የሟሟው ፈልቶም አብሮ ይቆያል። ቧንቧው ሳይመጣ ለሚሰነብትበት ሰፈር፣ ጀሪካኑ ለምግብና ለመጠጥ በሚቆጠብበት ቀን፣ ሚሴላር ውሃ በጥጥ ነክሮ ፊት መጥረግና በአንድ ጣሳ ማለቅለቅ ይበቃል። ክረምቱ እስኪወጣ ድረስ ግን የተሻለ አማራጭ አለን፤ የዝናብ ውሃ ካልሲየም የለበትም ማለት ይቻላል። የመጀመሪያው ዝናብ ቆርቆሮውን ይጠብ፣ ተዉት፤ ከዚያ በኋላ የሚወርደውን በንጹሕ ባልዲ ያዙና ክዳን አድርጉበት። በዝናብ ውሃ በምትታጠቡበት በመጀመሪያው ቀን ክሊንዘራችሁን ከለመዳችሁት ግማሹን ብቻ ጭመቁ፣ አረፋው ይበዛባችኋልና።