ቁልፉ የቆመበት ቦታ

ከአዋሽ ተነስቶ አሰቦትን አልፎ ወደ ጭሮ የሚወጣ መኪና ሚኤሶ ሲደርስ የቆላውን አቧራ ጠግቧል። አቧራው ገብቶ ከሚያርፍባቸው ቦታዎች አንዱ የሞተር ማስነሻው ቁልፍ ቀዳዳ ነው፤ ጎኑ ክፍት በሆነው ባጃጅ ደግሞ ይብሳል። ምሳ በልቶ የተመለሰ አሽከርካሪ ቁልፉ አልገባ ሲለው ወደ መግፋት ይቸኩላል። ጉልበት ግን በጽዳት የሚያልቀውን ችግር ቁልፍ እስከ መስበር ያደርሰዋል።

ከቀዳዳው በስተጀርባ ትንሽ ሲሊንደር አለች። በውስጧ ስስ የነሐስ ቅጠሎች ተደርድረዋል፤ እያንዳንዱን ትንሽ ሞላ ስለምትገፋው ጫፉ ከሲሊንደሯ ወጥቶ ዙሪያዋን በያዘው ቤት ውስጥ ይቀረቀራል። ትክክለኛው ቁልፍ ሲገባ ጥርሱ ቅጠሎቹን ሁሉ ወደ ውስጥ ይሰበስባቸዋል፤ ሲሊንደሯ ነጻ ሆና ትዞራለች፣ ከኋላዋ ያለውን የኤሌክትሪክ ማብሪያም ታዞራለች። አሜሪካዊው ሊነስ ዬል በ1860ዎቹ እ.ኤ.አ. ያስመዘገበው የበር ቁልፍም መርሁ ይኸው ነው፤ በቅጠል ፋንታ ግን ዘንጎች ነበሩት።

አሠራሩ ይህ ስለሆነ፣ ቁልፉ የቆመበት ቦታ ብልሽቱ የት እንዳለ ይጠቁማል።

አፉ ላይ ከቆመ፣ ቁልፉ ራሱ አለመጣመሙ ይታይ። ደህና ከሆነ፣ ቆሻሻ ደርቋል ወይም በአንዳንድ መኪኖች አፉን የሚሸፍነው መዝጊያ ተጣብቋል። በስልክ መብራት አይቶ፣ ከጎሚስታ ኮምፕሬሰር ቀስ ብሎ አየር መንፋት ብዙ ጊዜ ይበቃል።

መሃል ላይ ከቆመ፣ አንዱ ቅጠል ተጣብቋል ወይም የተሰበረ ቁልፍ ቁራጭ ውስጥ ቀርቷል። ቁራጭ ካለ ሌላ ቁልፍ መክተት ይብስ ወደ ውስጥ ይገፋዋል፤ በስስ ብረት ከመሳቡ በፊትም የባትሪው ኔጋቲቭ ገመድ ይነቀል። የተጣበቀው ቅጠል ከሆነ፣ የእርሳስ ጫፍ በቁልፉ ጥርስ ላይ ጥቂት አሽቶ ደጋግሞ ማስገባትና ማውጣት ይረዳል፤ የእርሳሱ ግራፋይት ደረቅ ማለስለሻ ነው። ዘይትና ግራሶ ግን ለጊዜው ቢያለሰልሱም አቧራ እየሰበሰቡ ቅጠሎቹን መልሰው ያጣብቋቸዋል።

ገብቶ አልዞርም ካለ፣ መሪው ተቆልፎ ሊሆን ይችላል። መሪውን ግራና ቀኝ በዝግታ እያንቀሳቀሱ ቁልፉን ማዞር ይፈታዋል። አሁንም እምቢ ካለ፣ የቁልፉ ጥርስ ወይም ቅጠሎቹ አልቀዋል።

ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ የሚለየው ተጠባባቂው ቁልፍ ነው። እሱ ከሠራ ያለቀው ቁልፉ ነው፤ እሱም ካልሠራ ሲሊንደሯ መካኒክ ትፈልጋለች። ቁልፍ ቀራጭ ዘንድ ሲኬድም ያልተሠራበት ተጠባባቂ ይወሰድ፤ ያለቀ ቁልፍ ሲገለበጥ ማለቁም አብሮ ይገለበጣልና። ቤት ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ ተጠባባቂ ሚኤሶ ላይ ለቆመ መኪና አይደርስለትም፤ ከሾፌሩ ጋር ይጓዝ።