ወረርሽኝ ሰውን ይለያልን?

ተላላፊ በሽታ ዘርና ቀለም አይለይም ሲባል ሁላችንም ሰምተናል። ቃሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን ግማሽ እውነት ነው።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በአገራችን መጀመሪያ የተገለጸው የኮሮና ሕመምተኛ ጃፓናዊ ነበርና፣ በዚያው ሰሞን በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ አንዳንድ የውጭ አገር ሰዎች «ኮሮና» እየተባሉ ተሰደቡ። እንግዳ አክባሪ ነን ለምንል ሕዝብ ይህ የሚያሳፍር ነው። ወሩ ሳያልቅ ግን በአሜሪካ በቺካጎ ከተማ፣ ከነዋሪው ሲሶ የማይሞሉት ጥቁሮች በበሽታው ከሞቱት ከመቶ 70 ያህሉ ሆነው ተቆጠሩ። ደማቸው ደካማ ሆኖ አይደለም። ብዙዎቹ አውቶቡስ መንዳትን፣ ሕመምተኛ ማስታመምን የመሰለ እቤት ተቀምጠው የማይሠሩት ሥራ ነበራቸው፤ ስኳር በሽታና የደም ብዛትም ቀድሞ ያገኛቸው ብዙ ነበሩ።

መሣሪያም ያዳላል። በጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ በቆዳ ውስጥ ብርሃን አሳልፎ ያነባል፤ የቆዳ ጥቁረት ንባቡን ያሳስተዋል። በአሜሪካ ሐኪሞች መርምረው በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. ባወጡት ጽሑፍ፣ መሣሪያው ከ92 እስከ 96 ባሳየ ጊዜ ከደም ሥር የተቀዳው ደም ሲመረመር፣ ኦክስጅኑ ከ88 በታች ወርዶ የተገኘው ከነጮቹ ምርመራ በመቶ 3.6፣ ከጥቁሮቹ ግን በመቶ 11.7 ነበር። ይህን መሣሪያ የእኛም ሐኪሞች ይሠሩበታል። ስለዚህ ቁጥሩ ደኅና ነው ቢባልም የታማሚውን ትንፋሽ መቁጠር ይገባል፤ የዐዋቂ ሰው ትንፋሽ በደቂቃ ከ30 በላይ ከሆነ ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ይወሰድ።

ይህን ስንጽፍ በዐይናችን ላይ ያለችው በሐዋሳ ሐይቅ አጠገብ የምትገኘው ቡሹሎ ናት። እዚያ ቆዳ ከቆዳ ባይለይም ቤት ከቤት ይለያል። «እጃችሁን ቶሎ ቶሎ ታጠቡ» የሚለው ምክር ቧንቧ ላለው ቀላል ነው፤ ውሃ በጀሪካን ተሸክሞ ለሚያመጣ ቤተሰብ ግን ለእጅ የሚደርሰው ከማሰሮና ከመጠጥ የተረፈው ነው። ምክሩም በአማርኛ ብቻ ከተነገረ፣ ሲዳምኛ ብቻ የሚያውቁ አሮጊት ትምህርት ቤት የሚውል የልጅ ልጃቸውን ማታ እስኪመጣ ይጠብቃሉ። ልጁም የገባውን ያህል ይነግራቸዋል፤ ያልገባውን እንደ ልጅ ከራሱ ይሞላዋል።

የዓለም የጤና ድርጅት የኮሮናን አስቸኳይ ጊዜ ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. አብቅቷል ቢልም፣ እነዚህ አሮጊት በሚቀጥለው ወረርሽኝ ጊዜም እዚያው ናቸው። በዚህ ነገር ከእኛ ከጤና ሠራተኞች ይልቅ መምህራን ይቀርቧቸዋል። የተከበራችሁ መምህራን፣ ተማሪዎቻችሁ ሁለት ሁለት ሆነው ይቀመጡና አንዱ የሌላውን ትንፋሽ በሰዓት ይቁጠር፤ የደረት አንድ መነሣትና መውረድ እንደ አንድ ይቆጠራል። ከዚያም የሠሩትን በሲዳምኛ ለክፍሉ ይናገሩ፤ ማታም ለአያቶቻቸው ያስረዱና አያቶቹ የጠየቁትን ጥያቄ በማግስቱ ይዘውላችሁ ይምጡ።