ምዕራፍ 5፦ መኪናዋ ምን ሆና አደረች?

ማታ ደህና ገብታ የቆመች መኪና ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ታንገራግራለች። እንደምንም ከተነሳች በኋላ ግን ቀኑን ሙሉ ችግር የለባትም። አብዛኛው ባለመኪና ሮጦ የሚሄደው ባትሪ ሊገዛ ነው። ባትሪ ቀዳሚው ተጠርጣሪ መሆኑ ልክ ነው፤ ሳይመረመር መፈረዱ ግን ገንዘብ ያስወጣል።

ራስዎን የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ ሌሊቱን ምን ተለወጠ? ሞተሩ መቀዝቀዙ የታወቀ ነው። ከዚያ ሌላ ወይ ኤሌክትሪክ ሲያልቅ አድሯል፣ ወይ ነዳጅ ወደ ኋላ ተመልሷል፣ ወይም መግባት የማይገባው ፈሳሽ ሲሊንደር ውስጥ ገብቷል። ለመለየት መጀመሪያ ጆሮዎን ይጠቀሙ።

ሞተሪኖው ከብዶት እያቃሰተ ከዞረ፣ ወይም ቀጭ ብሎ ከቀረ፣ ነገሩ የኤሌክትሪክ ነው። የባትሪው ጫፎች ላይ ነጭ ዱቄት ካለ መጀመሪያ እሱን ያጽዱ። ከዚያ በቴስተር ይለኩ። ያረፈ ባትሪ 12.6 ቮልት ካሳየ ሙሉ ነው፤ 12.2 ግማሽ ገደማ ነው። ሙሉ ሆኖ ሳለ ሞተሪኖው ሲዞር ከ9.6 በታች ከወረደ ደክሟል። ሞተሩ ተነስቶ 14 አካባቢ ካልደረሰ ደግሞ ወደ ዲናሞው ይሂዱ። ማታ ሙሉ የነበረው ጠዋት ከጎደለስ? በሚቀጥለው ማታ የኔጌቲቩን ገመድ ነቅለው ያሳድሩት። ጠዋት ሙሉ ሆኖ ከተገኘ መኪናዋ ውስጥ አንድ ነገር ሌሊቱን ኤሌክትሪክ ሲወስድ ያድራል ማለት ነው፤ ተነቅሎም ከጎደለ ጥፋቱ የባትሪው የራሱ ነው። ጤነኛ መኪና ተቆልፋ ስትቆም ብዙውን ጊዜ ከ50 ሚሊ አምፒር በላይ አትወስድም። እኔ ቀድሜ የምጠረጥረው በኋላ የተገጠመውን አላርም፣ ጂፒኤስና ቴፕ ነው።

ሞተሪኖው በጉልበት እየዞረ ሞተሩ የማይነሳ ከሆነ ባትሪውን ይተዉት። በቤንዚን መኪና ቁልፉን ሞተሪኖ ሳያስነሱ ይክፈቱ፤ ብዙውን ጊዜ ከኋላ መቀመጫ በኩል የነዳጅ ፖምፓው ለሁለት ሦስት ሰከንድ ሲጮህ ይሰማል። ይዝጉና ይህንኑ ሁለት ሦስት ጊዜ ይድገሙ፤ ከዚያ ያስነሱ። ወዲያው ከተነሳች የነዳጁ ግፊት ሌሊቱን ሲወርድ ነው ያደረው። የቤንዚን ሽታና ጥቁር ጭስ ካለ ደግሞ የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተር ይፈለግ።

ናፍጣ የራሱ ጠባይ አለው። ናፍጣ የሚቀጣጠለው አየር ሲታመቅ በሚፈጠረው ሙቀት ነው። አዲስ አበባ ከባህር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት በባህር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛው ነው። በዚያ ላይ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ብርድ ሲጨመር ለደከመ ሞተር ይከብዳል። ስለዚህ ካንዴሌታው ሲሊንደሩን አሙቆ መብራቱ እስኪጠፋ ይታገሱ። ከአራቱ አንዱ ወይም ሁለቱ ካንዴሌታ ከተቃጠሉ መኪናዋ እየተንቀጠቀጠች፣ ነጭ ጭስ እየተፋች ትነሳና ትንሽ ቆይታ ትረጋጋለች። የማጣሪያው የእጅ ፖምፓ ልል ሆኖ፣ ጠንከር እስኪል ሲጫኑት ቶሎ የምትነሳ ከሆነ ግን ካንዴሌታ አይቀይሩ፤ መስመሩ አየር እያስገባ ነው። ጎማ ቧንቧዎቹንና ማሰሪያዎቹን ያስፈትሹ። ካንዴሌታ ያለው ሞተር ላይ ማስነሻ ስፕሬይ መንፋት ሞተሩን ሊሰብር ስለሚችል ማንም ቢመክርዎት እምቢ ይበሉ።

ጭሱንም ይዩ። ሲነሳ ብልጭ ብሎ የሚጠፋ ሰማያዊ ጭስ ዘይት ነው፤ ብዙም አያስቸኩልም። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማይጠፋ ነጭ ጭስ ከራዲያተር ውሃ መጉደል ጋር ከመጣ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ይጠርጠር። መጻሕፍት ጭሱ ጣፋጭ ሽታ አለው ይላሉ፤ እኛ ጋ ብዙ ሰው የቧንቧ ውሃ ስለሚሞላ ሽታውን አይጠብቁ። እንዲህ ያለችውን መኪና እያስነሱ አይሞክሩ።

ጎረቤት ጠርቶ መግፋት ለማኑዋል መኪና የአንድ ቀን መላ ነው፤ አውቶማቲክ ግን ተገፍታ አትነሳም።

ጋራዥ ከሄዱ መካኒኩ የሚያየው መንገድ ላይ የሞቀ፣ አንዳች ችግር የማይታይበት ሞተር ነው። ስለዚህ መኪናዋን ማታ እዚያው ያሳድሩ፤ ጠዋት እርስዎ ሳይደርሱ ማንም እንዳያስነሳት ለመካኒኩ ይንገሩ።