ከገንጂ እስከ አስቴር ጋኖ፦ ትረካን ማን ያቆየዋል?

ከጃፓን ጥንታዊ ትረካዎች ስሙ የገነነው «የገንጂ ታሪክ» በ11ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በቤተ መንግሥት ወይዘሮ በሙራሳኪ ሺኪቡ ተጻፈ። ያኔ የተማረ ወንድ ሊቅነቱን የሚያስመሰክረው በቻይንኛ ሲጽፍ ነው፤ ካና የተባለው ቀላል ፊደል የሴቶች ተደርጎ ይቆጠር ነበር። ኪ ኖ ጹራዩኪ የተባለው ባለሥልጣን እንኳ በ935 ገደማ የጉዞ ማስታወሻውን በካና ሲጽፍ ተራኪዋን ሴት አድርጓታል። ትልቁ ትረካ የፈለቀው እንግዲህ ሊቃውንቱ ዝቅ አድርገው ካዩት በኩል ነው።

የኦሮምኛም የጽሑፍ ትረካ አጀማመር ከዚህ አይርቅም። አስቴር ጋኖ በባርነት ወደ ዓረብ አገር ስትወሰድ እ.ኤ.አ. በ1886 ጣሊያኖች አስጣሏትና ምጽዋ አጠገብ እምኩሉ በነበረው የስዊድን ሚስዮን ተማረች። በቃሏ የያዘቻቸውን ወደ 500 የሚጠጉ ተረቶች፣ እንቆቅልሾች፣ ምሳሌያዊ አነጋገሮችና ዘፈኖች በጽሑፍ አሰፈረች፤ ብዙዎቹም ከሥራ ባልደረባዋ ከኦነሲሞስ ነሲብ ጋር በ1894 ባሳተሙት የኦሮምኛ ማንበቢያ ገቡ።

«የልጆች ማንበቢያን ከገንጂ ጋር ምን አገናኘው?» የሚል ይኖራል። በርግጥ አንዱ 54 ምዕራፍ ያለው ረጅም ድርሰት ነው፤ ሌላው ፊደል ማስቆጠሪያ፣ ያውም ለሚስዮን ሥራ የታሰበ። ሆኖም ሌላው የጃፓን ትረካ «የሄይኬ ታሪክም» ዓይነ ስውራን አዝማሪዎች ቢዋ የተባለውን የክር መሣሪያ እየደረደሩ ሲያወርዱት የኖረ ነው፤ የታወቀው ቅጂ በጽሑፍ የተያዘው በ1371 ነው። ከቃል መቀዳት ድርሰትነትን አይነሳም።

ልዩነቱ የመጣው በኋላ ነው። የሙራሳኪ የእጅ ጽሑፍ ዛሬ የለም፤ ገንጂን ያቆዩት በ13ኛው መቶ ዘመን እንደ ፉጂዋራ ቴይካ ያሉ ገልባጮች ናቸው። ኦነሲሞስ ግን በ1904 ወደ ወለጋ ተመልሶ ነቀምቴ ላይ ማስተማር ሲጀምር የካህናት ክስ ገጠመው፤ ከዚያም ኦሮምኛ እስከ 1974ቱ አብዮት ድረስ በአብዛኛው ከትምህርት ቤትና ከማተሚያ ቤት ርቆ ቆየ። ተረቱ በየቤቱ ሲነገር፣ መጽሐፉ አንባቢ አጣ።

አንዳንዱ ጥፋቱን በ1991 በይፋ ሥራ ላይ በዋለው የላቲን ፊደል፣ በቁቤ ላይ ይጥላል፤ የነቀምቴ ወይም የዲጋ ተማሪ ኦሮምኛን የሚያነበው በዚሁ ፊደል ነውና። እኔ አልስማማም። በግዕዝ ፊደል «ላፋ» ተብሎ ሲጻፍ መሬት ይሁን ለስላሳ አይለይም፤ ቁቤ ይለየዋል። ደግሞም የዛሬ ጃፓናዊ አብዛኛው ገንጂን በጥንቱ ቋንቋ አያነብም፤ ገጣሚዋ ዮሳኖ አኪኮ ከ1912 ጀምራ በዘመኗ ጃፓንኛ ጻፈችለት። የአስቴርን ተረቶች ከግዕዝ ፊደል ወደ ቁቤ መገልበጥ ከዚያ እጅግ ያነሰ ድካም ነው።